የቱሬቱ ስፌት

ዛሬ ማታ የመጨረሻውን የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነፍቼ ኮምፕረሰሩን ካጠፋሁ በኋላ፣ ሰባት ወር ሙሉ በጠረጴዛዬ ላይ የኖረውን፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ታንክ የሆነውን የቲ-34-85 ሞዴል ሳልነካው ለረጅም ጊዜ ስመለከተው ቆየሁ። ስኬሉ 1፡35 ነው፤ በእውነተኛው ታንክ 3 ሜትር የሆነው ወርድ እዚህ 8.6 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ 32 ቶን የሚመዝነው ብረት በአንድ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ፕላስቲክ ሆኗል። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ድረስ የምሠራው ነገር ስለሌለኝ፣ በእነዚህ ወራት ያሳለፍሁትን፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፈጸምሁትንና እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣውን ስህተት ሳልረሳው ልጽፈው ፈለግሁ።

ስህተቱ የደረሰው በቱሬቱ ላይ ነው፤ መድፉን ተሸክሞ በሚዞረው የታንኩ አናት ላይ ማለቴ ነው። የፕላስቲክ ሞዴል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የፎርማ መስመርን ማጥፋት ነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚገባበት የብረት ፎርማ ከሁለት ግማሾች የተገጣጠመ ስለሆነ፣ ግማሾቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ፀጉር የሚያህል ጠርዝ ይቀራል፤ ያንን ጠርዝ በምላጭ ፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ የሥራው ሀ ሁ ነው። እኔም የቱሬቱን ጎኖች አግድም ዞሮ የሚሄድ ሸካራ መስመር ባየሁ ጊዜ ያው የፎርማ መስመር መስሎኝ ሁለት ምሽት ሙሉ ፈገፈግሁት፤ ቱሬቱም እንደ እንቁላል ልስልስ አለልኝ፤ በሥራዬም ተደሰትሁ።

በሦስተኛው ቀን የጦርነቱን ዘመን ፎቶግራፎች ሳገላብጥ ያንኑ መስመር በእውነተኛው ታንክ ላይ አየሁት። በዚያው ከፍታ ላይ ነበር፤ እንዲያውም እኔ ካጠፋሁት ይልቅ የጎላና የሸከረ ነበር። እውነተኛው ቱሬትም ለካ የፎርማ ልጅ ነው፤ የቀለጠ ብረት በአሸዋ ፎርማ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሲሆን፣ የፎርማው ክፍሎች በተገናኙበት ስንጥቅ በኩል ያፈተለከው ብረት ሲቀዘቅዝ እንደ ስፌት ተነሥቶ ይቀራል። ሠራተኛው ትርፉን በጋዝ እሳት ቆርጦ የቀረውን እንዳለ ይተወዋል፤ ልስላሴ አንድም ጥይት አይመልስምና፣ ግንባሩም ታንክ እየጠበቀ ነበርና። እኔ የሞዴሉ ጉድለት ነው ብዬ ያጠፋሁት ነገር የዚያ ሰው የእጅ ሥራ ነበር። ይህን ስረዳ ዕቃ የማበላሸት ሐዘን ብቻ አይደለም የተሰማኝ፤ የሰው ፊርማ የፋቅሁ ያህል ከበደኝ።

መልሼ ለመሥራት አምስት ምሽት ወሰደብኝ። ከኪቱ፣ ማለትም ከሚገጣጠሙት የሞዴሉ ዕቃዎች ስብስብ፣ የተረፈውን የፕላስቲክ ዘንግ በሻማ ነበልባል ላይ ይዤ፣ ልስልስ ሲል ቀስ ብዬ በመሳብ እንደ ድር የቀጠነ ክር አወጣሁ። ክሩን በቱሬቱ ዙሪያ በወረንጦ እየመራሁ በፈሳሽ ማጣበቂያ ካጣበቅሁት በኋላ፣ ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አለስልሶት ሳለ በምላጭ ጫፍ እዚህ ጫን፣ እዚያ ጫር እያደረግሁ ወጥነቱን አጠፋሁት። የቀረውን ገጽታ ደግሞ ስቱኮ በቲነር አቅጥኜ፣ ፀጉሩ አጥሮ በተቆረጠ ደረቅ ብሩሽ እየጠቀጠቅሁ ሦስት ጊዜ ደራረብሁበት፤ በየመሐሉ መብራቱን ከጎን አስጠግቼ ጥላውን አየሁ። ከፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ሁሉንም ነገር ለስላሳ ያስመስላል፤ የብረቱን ቆዳ የሚገልጠው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው። ፋብሪካዎች በቱሬቱ ላይ ያወጧቸው የነበሩትን ቁጥሮች ያገኘሁት ከኪቱ ፍሬም ላይ ነው፤ ዕቃዎቹን ለመለየት የታተሙትን ጥቃቅን ቁጥሮች በአዲስ ምላጭ ገሽልጬ፣ እያንዳንዱን በእርጥብ ብሩሽ ጫፍ አንሥቼ ከስፌቱ በታች አሰለፍኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሻካራ ነገር ባየሁ ቁጥር የብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሣቴ በፊት «ይህን ማን ሠራው?» ብዬ የመጠየቅ ልማድ ያዝሁ። ቲ-34-85 እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ ማምረቱ ተጀምሮ፣ በዚያው ዓመት በሦስት ፋብሪካዎች ይሠራ ነበር፤ በኒዥኒ ታጊል፣ በጎርኪና በኦምስክ። የሦስቱ ሥራ ሲነጻጸር የቱሬቱ ቅርጽ፣ የአየር ማውጫዎቹ አቀማመጥና ሌሎችም ጥቃቅን ነገሮች ስለሚለያዩ፣ ሞዴል የሚሠራ ሰው የአንዱን ቱሬት ከሌላው አካል ጋር እንዳያጋባ መጠንቀቅ አለበት። እኔ የመረጥሁት የኒዥኒ ታጊሉን ነው። ፋብሪካው በ1941 ከጀርመን ጦር ፊት ከካርኪቭ ተነቅሎ ወደ ኡራል ተራሮች የተጓዘ ሲሆን፣ የየቭጌኒ ፓቶን የብየዳ ተቋምም ከኪየቭ ወደዚያው ሄዶ አካሉን በማሽን የመበየድ ዘዴ እዚያ ተስፋፋ። ይህ ታሪክ በሞዴሉ ላይ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ቦታ ይነበባል፤ ማሽን የበየደው መስመር ወጥና ለስላሳ ሲሆን፣ የሰው እጅ የበየደው ግን ሞገድ ሞገድ ይላል፤ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ሠራተኛው ኤሌክትሮዱን የቀየረበት ቦታም ያስታውቃል። ስለዚህ የአካሉን ረጃጅም መጋጠሚያዎች በአንድ ዓይነት ሠራሁ፤ የመያዣ ብረቶቹንና የትናንሽ ዕቃዎቹን ብየዳ ግን የኢፖክሲ ስቱኮን እንደ ክር አድቦልቡዬ በቢላ ጫፍ ነጥብ በነጥብ እየወቀርሁ፣ ሆን ብዬ ወጥነት ነሣሁት።

ብዙ ጊዜ የበላው ሰንሰለቱ ነው። በእያንዳንዱ ጎን 72 ሰሌዳ አለ፤ ግማሹ መሐሉ ላይ ጥርስ ያለው፣ ግማሹ ጠፍጣፋ ሆኖ እየተፈራረቀ ይሄዳል፤ በሁለቱ ጎን 144 ቁራጭ መቁረጥ፣ መሞረድና ማጣበቅ ማለት ነው። ቲ-34 ሰንሰለቱን ከላይ የሚደግፍ ትንንሽ ጎማ የለውም፤ የላይኛው ክፍል በአምስቱ ትላልቅ ጎማዎች ጀርባ ላይ በራሱ ክብደት ይተኛል። ፕላስቲክ ግን ክብደት የለውምና ማጣበቂያው ሳይደርቅ በጎማዎቹ ላይ ጠቅልሎ፣ በመከለያውና በሰንሰለቱ መካከል ጥጥ ወትፎ፣ ብረቱ የሚረግብበትን ያህል እንዲረግብ ማስገደድ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ሞዴሉ ምንም ያህል ዝርዝር ቢኖረው ክብደት ያለው ነገር አይመስልም።

እዚህ ላይ እጅግ የወደድሁትን አንድ ነገር ልጻፍ። የቲ-34 ሰንሰለት ሰሌዳዎች የሚያያዙባቸው ፒኖች ጭንቅላታቸው ወደ ታንኩ አካል የዞረ ሲሆን፣ በሌላው ጫፍ የሚይዛቸው ነገር የለም። ታንኩ ሲሄድ ፒኖቹ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ በኩል ይወጣሉ፤ ይሁን እንጂ ከኋላ፣ ሰንሰለቱን ከሚጎትተው ጎማ አጠገብ፣ በአካሉ ላይ አንዲት ተዳፋት ብረት ተበይዳለች፤ ሰንሰለቱ ዞሮ ባለፈ ቁጥር የወጣውን ፒን ጭንቅላት ገፍታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ጥገናው በጉዞው ውስጥ ይፈጸማል ማለት ነው። በሞዴሉ ላይ ይህች ብረት ከጥቂት ሚሊሜትር አትበልጥም፤ ሰንሰለቱ ከተገጠመ በኋላም አትታይም። እኔ ግን ከናስ ቆርጬ በስታኞ በየድኋት፣ ፒኖቹ የሚመቷትን ጠርዝም በእርሳስ ዱቄት አሽቼ አሳበረቅሁት።

ስለ ስኬሉ የሚገርመኝን ነገር እግረ መንገዴን ላንሣ። 1፡35 የተመረጠው በስሌት አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሞተር የሚሄድ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ፣ መጠኑን የወሰነው ሞተሩና ባትሪዎቹ በታንኩ ሆድ ውስጥ እንዲገቡ ብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አምራቾች ተከተሉት። ዛሬ የምንጠቀምበትን ልክ የሰጠን የባትሪ ቁመት ነው።

ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ የሰባት ዓመት ልጄ ከጎኔ ቁጭ ብላ የመመሪያውን ሥዕል ስታይ ቆየችና «አባዬ፣ ይሄኛው ሰውዬ በየት ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

«የቱ፣ እናቴ?»

«መትረየስ የያዘው።»

ሥዕሉን አብሬያት አየሁ። በታንኩ ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ። አዛዡ፣ ተኳሹና አጉራሹ በቱሬቱ ውስጥ ናቸው፤ በቀድሞው ቲ-34 ቱሬቱ ሁለት ሰው ብቻ ይይዝ ስለነበር አዛዡ ራሱ መድፉን ያነጣጥር ነበር፤ በ85ቱ ላይ ቱሬቱ ሰፍቶ ሦስተኛ ሰው የተጨመረው አዛዡ ማዘዝ እንዲችል ነው። ለእነዚህ ሦስት ሰዎች በቱሬቱ ጣሪያ ላይ ሁለት ክዳን አለ። ሹፌሩ በፊቱ ባለው ተዳፋት ብረት ላይ የራሱ በር አለው። ከሹፌሩ በስተቀኝ የተቀመጠው መትረየስ ተኳሽ ግን ከራሱ በላይ ምንም ክዳን የለውም፤ ወይ ሹፌሩ እስኪወጣ ጠብቆ በእሱ በር ይወጣል፣ ወይ ደግሞ ከወለሉ ላይ ያለውን የድንገተኛ መውጫ ከፍቶ በታንኩ ሆድ ስር ይሾልካል። ይህን ስነግራት «መሬቱ ጭቃ ከሆነስ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

እሷ ከተኛች በኋላ ካሊፐር አውጥቼ ለካሁ። የአካሉ ፊትና ጎን ውፍረት 45 ሚሊሜትር ነበር፤ በ1፡35 ሲታሰብ 1.3 ሚሊሜትር ነው፣ በእጄ ከያዝሁት ፕላስቲክ የሚለይ አይደለም። የፊቱ ብረት 60 ዲግሪ ወደ ኋላ ስለተጋደመ፣ በአግድም የሚመጣ ጥይት የሚያገኘው ውፍረት እጥፍ ይሆናል፤ የዚህ ታንክ ስም የገነነው በከፊል በዚህ ብልሃት ነው። ንድፉን የመራው ሚካይል ኮሽኪን በ1940 መጋቢት ላይ የመጀመሪያዎቹን ታንኮች ከካርኪቭ እስከ ሞስኮ አጅቦ ተጉዞ፣ በሳንባ ምች ታሞ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሞተ፤ ሥራው በጦርነት ሲፈተን አላየም። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ያሰብሁት ከ1.3 ሚሊሜትሩ በስተጀርባ ስለተቀመጠው፣ በዚህ ስኬል 5 ሴንቲሜትር ስለሚሆነው ሰው ነበር። በኪቱ ላይ የወለሉ መውጫ በጭረት ብቻ የተመለከተ ነበር። ያንን ጭረት በስቱኮ ደፍኜ፣ ክዳኑን ከስስ ፕላስቲክ ቆርጬ፣ ማጠፊያውንና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሠራሁለት። ከማንኛውም ክፍል ይልቅ የተጠነቀቅሁት ለዚህ ክዳን ነው።

ስለ ቀለሙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥቁር መሠረት፣ በላዩ የሶቪየት ጦር አረንጓዴ፣ በጣሪያው ላይ ትንሽ ነጣ ያለ፣ በብሎኖቹ ዙሪያ ቀጥኖ የፈሰሰ ጥቁር ቡናማ፣ ከኋላ በሁለቱ ጭስ ማውጫዎች ዙሪያ ጥላሸት። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አምናለሁ፤ ብዙ ሞዴሎች በዝገት ተውጠው ሳይ ቅር ይለኛል። ታንክ በጦርነት ላይ የሚኖረው ዕድሜ አጭር ነበር፤ ለመዛግ ጊዜ የሚያገኘው ከተመታ በኋላ ነው። የእኔው ታንክ በሥራ ላይ ያለ ስለሆነ የደረሰበት አቧራ፣ የናፍጣ ቅባትና ሠራተኞቹ የሚረግጧቸው ቦታዎች መላላጥ ብቻ ነው። በሰንሰለቱ ላይም ጎማዎቹ የሚሄዱበትን መስመር ብቻ አብረቀረቅሁት።

አሁን ቫርኒሹ ደርቋል። መብራቱን ከጎን አስጠግቼ ቱሬቱን ስዞረው ስፌቱ ከታች ቀጭን ጥላ ይጥላል፤ አንድ ቦታ ላይ፣ ከኋላ በስተግራ፣ ክሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለተጣበቀ ጥላው ይሰበራል። ላስተካክለው ምላጭ አንሥቼ ነበር፤ ተውሁት።

የቀረው በእንጨት ሰሌዳው ላይ ማሳረፍ ነበር። ሰንሰለቱ በሰሌዳው ላይ የተሠራውን ጭቃ በደንብ እንዲይዝ በማጣበቂያ ማጽናት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ሰሌዳውን ከስር በስቼ በሁለት ትናንሽ ብሎኖች አሰርሁት። ልጄ ነገ ስትነሣ ያንን የወለል ክዳን ማየት እንደምትፈልግ አውቃለሁና መፍቻውን ከታንኩ ጎን አስቀምጬላታለሁ።