አልጋ ወራሿና የእኔዋ ልጅ

ትናንት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ሾርባ እየጠጣን ልጄ በዶርም ተማረረች። "እማዬ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ነን!"

የኔዘርላንድስን አልጋ ወራሽ አነሳሁላት። አማሊያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተወለደች፤ አባቷ በ2013 ሲነግሥ አልጋ ወራሽ ሆነች። በ2022 አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከተማሪዎች ጋር ቤት ተጋራች። ብዙም ሳትቆይ በደህንነት ስጋት ወደ ቤተ መንግሥት ተመለሰች። ለትምህርት ካልሆነ ከቤት መውጣት የለም! (እኔ እናቷን ነው ያሰብኩት።) በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማድሪድ ተቀምጣ ተማረች።

18 ዓመት ሲሞላት በዓመት 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ይገባት ነበር። ተማሪ ሆኜ አልወስድም ብላ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጻፈች።

የልጄ ማንኪያ አፏ ሳይደርስ ቆመ። "ብሩን ተወችው?" አለችኝ። አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ከጎናችን የዓሣ ጭንቅላት ይውጣል።