ገንፎ በእጅ፦ ልጃችን ራሷ አንስታ መብላት ስትለምድ

ልጄ ዘጠኝ ወሯን ይዛለች። ሰሞኑን አንዲት ፍሬ የተቀቀለ ምስር በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጥጣ አፏ ውስጥ ስትከት አየሁና፣ በቃ አሁን ልጻፍ አልኩ። ምግብ ያስጀመርናት በማንኪያ አይደለም። ፊቷ ይቀርብላታል፣ ራሷ አንስታ ትበላለች። ፈረንጆቹ ቤቢ ሌድ ዊኒንግ ይሉታል። እናቴ ደግሞ "ያ ጣጣሽ" ትለዋለች።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራትም እንደ ፈቀደው ነው። ይህን ማንሳቴ ቪዲዮ ላይ የምታዩት ነጭ ወንበርና ብሮኮሊ "ይሄ ለኛ አይሆንም" አሰኝቷችሁ እንዳይሆን ብዬ ነው። ይሆናል።

ጅማሬውን ላሳጥረው። ስድስት ወር ሞላት፣ አንገቷ ጸና፣ ትንሽ ደገፍ ብላ መቀመጥ ቻለች፣ አፏ የገባውን ሁሉ በምላሷ ገፍታ ማውጣት አቆመች። ያኔ ጀመርን። በዚህ ዕድሜ የሚይዙት በሙሉ መዳፋቸው ስለሆነ፣ ከጭብጧቸው ውስጥ ወጣ ብሎ የሚታይ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ዱባ፣ ስኳር ድንችና ካሮት በእንፋሎት በደንብ አብስዬ በትልቅ ሰው ጣት ልክ እቆርጣለሁ። ሙዝና አቮካዶ ስለሚያሟልጩ ከታች በኩል ልጣጫቸውን እተውላታለሁ። ወንበሩን ሰፈር ያለ አናጢ ነው የሠራልን፤ የእግር መርገጫ አለው። ከሥሩ ላስቲክ እናነጥፋለን። ውሃ በማይኖርበት ቀን ልብሷን አውልቄ በዳይፐር ብቻ አስቀምጣታለሁ። ገላ በአንድ ጆግ ውሃ ይታጠባል፤ የዱባ ልብስ ግን አይታጠብም። እጇን ከመብላቷ በፊት ማጠብ ላይ ግን ቁጠባ የለም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛው ምግብ ላስቲኩ ላይ ነበር የሚቀረው። እናቴ መጋረጃውን ትዘጋና (ልጅ ሲበላ ሰው ማየት የለበትም) ቆማ ታያታለች። "ልጅቷማ ምኑን በላች? የጠገበው ወለሉ ነው" ትላለች። እውነትም ነበረ። ጡት ግን አልቀነስኩም፤ በዚህ ዕድሜ ዋናው ምግብ አሁንም እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው መታነቁን ነው። ኧክ ማለትና መታነቅ ይለያያሉ። በስድስት ወር ልጅ ላይ ኧክ የሚያሰኘው ቦታ ምላስ ላይ ወደ ፊት ቀረብ ያለ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ኧክ ይላሉ፣ ይቀላሉ፣ ያስላቸዋል፣ ከዚያ ተፍተው ይቀጥላሉ። የታነቀ ልጅ ግን ድምፅ የለውም። ያኔ በክንድ ላይ በሆድ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሃል አምስት ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ የደረቱ መሃል ላይ አምስት ጊዜ መጫን ነው። የማይታይ ነገር በጣት ፍለጋ አይገባም። ይህን ከጽሑፍ ሳይሆን ከጤና ባለሙያ እጅ አይታችሁ ተማሩት። በኒውዚላንድ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቤተሰቡ ስለ መታነቅ ምክር ካገኘ ራሳቸው የሚበሉት ሕፃናት በማንኪያ ከሚበሉት የበለጠ እንደማይታነቁ አሳይቷል። ያው ጥናት ግን በሁለቱም ወገን ወላጆች አደገኛ ምግብ አዘውትረው እንደሚሰጡም አግኝቷል። እኛ ቤት አደጋው ሰሃኗ ላይ አይደለም፤ ከቡና በኋላ ወለሉ ላይ ነው። ኮሎና ፈንዲሻ! ልጅቷ መዳህ ስትጀምር ጎረቤቶቼን ተለማምጬ የቡና ቁርሳችንን ዳቦ አድርጌዋለሁ። ሙሉ ለውዝ፣ ጥሬ ካሮት፣ ጥሬ ፖምና ያልተሰነጠቀ የወይን ፍሬ እንዲሁ ቤታችን ለሷ አይቀርቡም።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታቴ ልምጣ፤ ብረት፣ ያ ለደም የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር።

"ዓመት እስኪሞላው ምግብ ለጨዋታ ነው" የሚል አባባል አለ። እኔ በፍጹም አልቀበለውም። ልጅ ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት ወደ ስድስተኛው ወር ላይ እየሳሳ ይመጣል። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ደግሞ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም እንኳን አይሞላም። አሜሪካኖቹ ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊግራም ይመክራሉ። ዱባና ሙዝ ብቻ እያሸተተ የሚውል ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?

"ጤፍ አለልሽ አይደል?" ተባልኩ። አለ። ችግሩ ጤፍ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም አለ፤ ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። በየምግብ ይዘት ሰንጠረዡ የሚጻፈው የጤፍ ብረት ከፊሉም አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የጤፍ ዱቄቷን ማታ በውሃ አቡክቼ፣ እርሾ ጠብ አድርጌ አሳድራታለሁ። ጠዋት እሷን አገነፋታለሁ።

ገንፎ ግን በእጅ እንዴት ይበላል? የመጀመሪያው ንጹህ የጤፍ ገንፎ ነበር። ጭብጥ አድርጋ ያዘችው፣ በጣቶቿ መሃል ወጣ፣ ከዚያ እጇ አልከፈት አላት። መዳፏን እያየች ትቆጣለች። አፏ የገባችው ጥቂቷ ላንቃዋ ላይ ተለጥፋ ኧክ አሰኘቻት። ወፍራም ገንፎ ለትልቅ ሰው የሚጥመው በዚያው በሚለጠፈው ባሕርይው ነው፤ ጥርስ ለሌለው ልጅ ግን አይመችም። ቀጠን ሳደርገው ደግሞ የሚያዝ ነገር ጠፋ።

መላ ያገኘሁት ከዱባ ነው። ዱባውን ቀቅዬ ፈጭቼ፣ ከቦካው ሊጥ ጋር እኩል በእኩል አደርገዋለሁ። ቡታጋዙን ዝቅ አድርጌ በማማሰያ ሳላቋርጥ ነው የማማስለው፤ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ትቶ ከድስቱ ግድግዳ ሲላቀቅ በስሏል። ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። ከዚያ በደንብ የበሰለና የላመ የተፈጨ ሥጋ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ የበሰለ እንቁላል ፈርፍሬ አማስልበታለሁ። አልፎ አልፎ ጉበት፤ ቫይታሚን ኤው ብዙ ስለሆነ በትንሹ ብቻ። ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ በጣት ውፍረት ዘርግቼ እተወዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ በቢላ በጣት ልክ ይቆረጣል። መሞከሪያዬ ቀላል ነው፤ በሁለት ጣት ስጫነው ያለ ትግል መፍረስ አለበት። ካልፈረሰ ዱባው አንሷል። ጎኑ ላይ ፓፓያ ወይም ብርቱካን አስቀምጣለሁ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። ሻይ ግን ለሕፃን ጨርሶ አይሰጥም፤ የብረት ጠላት ነው። መብራት ስለማይታመን የዚያን ቀን ብቻ ነው የምሠራው፤ ፍሪጅ ያደረ ገንፎ አላምንም።

ሌላ ግድግዳ ደግሞ ጾም ነበር። ቤታችን ጿሚ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የጾም ግዴታ እንደሌለበት ሁሉም ያውቃል፤ እናቴም ታውቃለች። እሷን ያስጨነቃት ድስቱ ነው። የሥጋ ማማሰያ ሽሮው ውስጥ ቢገባስ? በፍልሰታ ልጅቷ ሳታስበው ከኛ ጋር ጾማለች ማለት ይቻላል። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው፤ ለሕፃን ረጅም ጊዜ ነው። ስለዚህ ትንሽ ድስት፣ ቢላና መክተፊያ ለብቻ ገዛሁ፣ እጀታቸው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ፣ መደርደሪያውንም ለየሁ። እናቴ አሁን እንቁላሉን ራሷ ትቀቅልላታለች።

ስለ ዘዴ ብዙ ሰው ይጣላል። እኔ ደግሞ ከስምንትና ከዘጠኝ ዓይነት እህል ምጥን ጋር ጠብ አለኝ። ሁሉም ነገር ባንዴ ሲቀላቀል ልጁን ያሳከከው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? አዲስ ነገር አንድ በአንድ ነው የማስጀምረው። የጡጦ ጫፍ አስፍቶ አጥሚት ማጠጣትንም አልወደውም፤ ትንሿን ሆድ ውሃ ይሞላታል። ለውዝን ግን አታዘግዩት። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ ጥናት፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ቀደም ብለው ሲጀምሩት አለርጂው በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የለውዝ ቅቤ ቀጠን አድርጌ ገንፎዋ ላይ እቀባለሁ። ከባድ የቆዳ ሽፍታ ያለበት ልጅ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። ማር ዓመት ሳይሞላት አይነካትም። የሷን ድርሻ የማነሳው ጨውና በርበሬ ከመግባቱ በፊት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ልናገር፤ እኔ ሥራ ስውል ሞግዚቷ በማንኪያ ታበላታለች። ታማ በሰነበተች ጊዜ እኔም በማንኪያ አበላኋት። ሃይማኖት አይደለም። በጉርሻም ከእናቴ ጋር ተስማምተናል፤ ልጅቷ አፏን ከፍታ ከመጣች ትጎርሳለች፣ ፊቷን ካዞረች "በሞቴ" የለም። ስምምነቱ እኔ እያለሁ ይከበራል።

አሁን የያዝነው መጠጣት ነው። ጡጦ ማስለመድ ስላልፈለግኩ የቡና ሲኒ ሰጠኋት። እጀታ የለውም፣ ለሁለት እጇ ልክ ነው፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ይበቃዋል። በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች፣ ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች ትገለብጠዋለች። ይህን የሚያስተው ዘዴ ያላችሁ ቶሎ በሉ፤ ውሃ እስከ ሐሙስ አይመጣም።