የኩሲው ጌታ አንጌራን፦ ከዘር ሐረጉ እስካሁን የያዝኩት

ሰላም፣ የጥንት መኳንንት ዘር ሐረግ የምትቆጥሩ ወዳጆች። ሰሞኑን የያዝኩት ሰው በሰሜን ፈረንሳይ የኩሲ ጌታ የነበረው አንጌራን 7ኛ ነው። ጦርነቶቹን በተራ መሸምደዱን ትቼ በእናቱ፣ በሚስቱና በልጆቹ በኩል ገባሁበት፤ ውሉ የተገኘልኝም በዚያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እናቱ ካተሪና የኦስትሪያው መስፍን የሊዮፖልድ ልጅ ነበረች፤ በ1349 በወረርሽኙ ስትሞት ልጁ ገና አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በ1375 ቅጥረኛ ጦር አስከትሎ ዛሬ ስዊዘርላንድ ወደምንላት አገር የዘመተው ለእሷ ርስት ሲል ነው፤ የአጎቷ ልጆች ድርሻዋን አንለቅም ብለው ነበርና። አልቀናውም። ባላጋራዎቹ አገሩን አቃጥለው ስለሸሹ ሠራዊቱ ተራበ፤ የበርን ከተማ ሰዎችም ፍራውብሩነን በተባለ ቦታ በሌሊት ደርሰው ከፊሉን ፈጁት።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ትዳሩ ነው። በፑዋቲዬ ጦርነት በእንግሊዞች የተማረከው የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን ሲለቀቅ፣ በ1360 ለቤዛው መያዣ ሆነው እንግሊዝ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ አንጌራን ነበር። መያዣ ሆኖ የሄደው ሰው አማች ሆኖ ተመለሰ! በሐምሌ 1365 ዊንድዘር ላይ የንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛን ልጅ ኢዛቤላን አገባ፤ እሷ 33፣ እሱ 25 ገደማ። ቤዛው ቀረለት፣ በዓመቱ ደግሞ የቤድፎርድ ኤርል (የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ተባለ። በእኔ ግምት ንጉሡ አልከሰረም፤ ከፓሪስ በስተሰሜን ያለውን ትልቅ ምሽግ ጌታ ነው በጋብቻ ያሰረው።

የፈረንሳይና የእንግሊዝ ነገሥታት እንደገና ሲዋጉ ይህ ሰው ከማን ወገን ይቁም? ጥቂት ዓመት ጣልያን ሄዶ እየተዋጋ አሳለፈ። በ1377 አማቱ ሲሞት ለአዲሱ ንጉሥ ለሪቻርድ ደብዳቤ ጽፎ የእንግሊዝ ንጉሥ ለተመረጡ ባላባቶች የሚሰጠውን የጋርተር ኒሻን ጭምር መለሰ። ቤትም አብሮ ተከፈለ፦ ትልቋ ማሪ ከአባቷ ጋር ፈረንሳይ፣ ታናሿ ፊሊጳ እንግሊዝ። የፊሊጳ ነገር ያሳዝናል፤ ባሏ ሮበርት ደ ቪር ፈትቷት የንግሥቲቱን ደንገጡር አገባ። የገዛ እናቱ እንኳ ለምራቷ አድልታ ልጇን ተቆጣች።

አንጌራን በ1396 በኒቆጶሊስ ጦርነት (ዛሬ ቡልጋሪያ ውስጥ) በኦቶማኖች ተማርኮ፣ በየካቲት 1397 ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ቡርሳ አረፈ። የማሪ ባልም እዚያው ተማርኮ ነበር፤ እሱም በዚያው ዓመት ሞተ። አንጌራን ወንድ ልጅ አልተወ፣ ማሪም ባል የላት፤ በ1400 ርስቱን ለኦርሌዓኑ መስፍን ሸጠች። 54 ሜትር የሚረዝመው የምሽጉ ግንብ ግን እስከ 1917 ቆሞ ነበር፤ ያፈረሱት የጀርመን ወታደሮች ናቸው።

ለምትጀምሩ አንድ ዘዴ፦ የመጀመሪያ ሚስቱ ኢዛቤላ፣ ሁለተኛዋ ኢዛቤል፣ ከእሷ የወለዳት ልጅም ኢዛቤል ናት። እኔ እንደ አገራችን ወግ በአባት ስም እየጻፍኳቸው ነው፦ ኢዛቤላ ኤድዋርድ፣ ኢዛቤል ዣን፣ ኢዛቤል አንጌራን። አሁን የያዝኩት ኢዛቤል ዣንን ነው፤ የሎሬን መስፍን ልጅ ስትሆን ከማሪ ጋር በውርሱ ተሟግታለች።