የሚደማ ድድ፦ የስድስት ሳምንት ክትትል

ድድ ሲደማ ብሩሹን አሳርፎ መቆየት የተለመደ ነው፤ የሚብሰውም በዚሁ ነው። ብዙውን ጊዜ የደሙ መነሻ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ የተለጠፈው የባክቴሪያ ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የድድ ተመራማሪው ሃራልድ ሎኤና ባልደረቦቹ ጤነኛ ድድ ያላቸውን ሰዎች ጥርስ ማጽዳት አስቁመው ሲከታተሉ፣ ከ10 እስከ 21 ቀን ውስጥ ድዳቸው ተቆጣ። ጽዳቱ ሲቀጥል በሳምንት ገደማ ድዳቸው ወደ ጤናው ተመለሰ።

ቀን 1። በየጥርሱ መሃል የጥርስ ክር አሳልፉ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ የደሙትን ቦታዎች ቆጥራችሁ ጻፉ። በተፈጥሮው የጠቆረ ወይም የተነቀሰ ድድ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ደሙንና እብጠቱን እመኑ።

ከቀን 2 እስከ 7። ለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ በቀን ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ብሩሹን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ፣ ሁለት ሦስት ጥርስ እየያዛችሁ በትንሹ አንቀጥቅጡ። እንደ መጋዝ መግፋት ድዱን ያሸሸዋል፣ ሥሩንም ይበላዋል። መፋቂያም ጫፉ በደንብ ከታኘከ ይሠራል፤ ግን በምላስ በኩል ያለውን ገጽና የጥርሶቹን መሃል በቀላሉ አይደርስበትም። ስቴኪኒም ክሩን አይተካም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ቢቀጥልም አታቁሙ።

ቀን 14። እንደ ቀን 1 ደግማችሁ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ መውረድ አለበት። ክሎርሄክሲዲን (ባክቴሪያ የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ) የታዘዘለት ሰው 0.2 በመቶውን 10 ሚሊ ሊትር ለአንድ ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ ይጉመጥመጥ፤ ከሳሙናው በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ አለዚያ ሳሙናው ያከሽፈዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከተጠቀሙበት ጥርስ ያበልዛል፣ ጣዕም ያዛባል። ለብ ያለ የጨው ውሃ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ሽፋኑን አያነሳም።

ቁጥሩ ካልወረደ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ድንጋይ ነው። ሽፋኑ በምራቅ ማዕድን ደርቆ፣ በተለይ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ይጋገራል። ብሩሽ አያነሳውም፤ በመርፌ መፋቅም ድዱን ማቁሰል ነው። ሐኪም ዘንድ መታጠብ አለበት።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል። አጥንቱ ቀድሞ ተበልቶ ጥርሱን ደግፎ የያዘው ድንጋዩ ከነበረ፣ ሲነሳ መነቃነቁ ይገለጣል። እብጠቱም ሲሟሽሽ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፣ ቀዝቃዛ ነገር ያመዋል። ጉዳቱን እጥበቱ አላመጣውም።

ሳምንት 6። ሐኪሙ ድዱ ከጥርሱ የተላቀቀበትን ጥልቀት ይለካል፦ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ከሆነ ሕክምናው አላለቀም። ስኳር ያለበት ሰው የስኳሩን ልክ አብሮ ያስለካ፤ ስኳሩ ካልተስተካከለ ድዱ በቶሎ አይድንም። የሚያጨስ ሰው ዜሮ ቢቆጥር አይተማመን፦ ትምባሆ የድዱን ደም መፍሰስ ስለሚቀንስ ድዱ ሳይደማም ከሥር ሊበላ ይችላል፤ እሱ መለካቱን እንጂ መቁጠሩን አይመን። መግል፣ ትኩሳት ወይም የፊት እብጠት ከመጣ ስድስቱ ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው።