የጣሊያኑን ኤል 3 ታንክ በብሌንደር ስሠራ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የጣሊያኑን ትንሽ ታንክ ኤል 3/35 በብሌንደር (ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽ በሚሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም) መሥራት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። ቀፎው አልቋል። ሰንሰለቱ ይዞራል። መትረየሶቹም ቦታቸውን ይዘዋል። ይህን ታንክ የመረጥኩት አርበኞች የጣሊያንን ታንኮች በማረኩበት በ1928ቱ የደምበጉና ውጊያ ምክንያት ነው። ጠመንጃና ጎራዴ የያዘ ሰው ታንክ እንዴት ይማርካል የሚለው ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጤ ነበር።

ሞዴል ለምትሠሩ ሁሉ፣ መጀመሪያ ልኬት። ብሌንደርን ሜትሪክ ላይ አድርጉትና በእውነተኛው መጠን ሥሩ። ኤል 3 ርዝመቱ ከ3 ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ40፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይነግርም። እኔ በዚሁ ልክ ባዶ ሳጥን ሠርቼ አጠገቡ 1 ሜትር ከ70 የሚሆን የሰው ቅርጽ አቆምኩ። የታንኩ ጣሪያ ሰውየው ደረት ላይ ቀረ! እዚያች ሳጥን ውስጥ ሁለት ሰው፣ ጥይት፣ 43 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሁሉ ይገባል። ሞተሩ ከኋላ፣ የሚጎትቱት ጥርሳም ጎማዎች ከፊት ስለሆኑ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ በሁለቱ ሰዎች መሀል ነው የሚያልፈው። የሰውየውን ቅርጽ እስካሁን ከፋይሉ አላወጣሁትም።

ቀፎውን አንድ ወጥ ቅርጽ (ሜሽ) አላደረግሁትም። እያንዳንዱን ላሜራ ለብቻው ቆርጬ ውፍረቱን ሶሊዲፋይ በሚባለው ማወፈሪያ ሰጠሁት፤ ከፊት 14 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጎኑ ከዚያ የሳሳ። ሥራው ይበዛል፣ ግን ሁለት ላሜራ የሚገጥሙበት ቀጭን መስመር ብርሃን ሲያርፍበት ብረት ይመስላል። በቴክስቸር (ላዩ ላይ በሚለጠፍ ሥዕል) የተሳለ መስመር ያን አይሰጥም። በ35ቱ ሞዴል ላሜራዎቹ በአብዛኛው በብሎን ነው የታሰሩት። አንድ የብሎን ራስ ብቻ በደንብ ሠርታችሁ ጂኦሜትሪ ኖድስ በሚባለው የብሌንደር መሣሪያ አባዙት። ኮምፒውተሩም አይጨናነቅም፣ የብሎኑን ቅርጽ ስትቀይሩ ሁሉም አብሮ ይቀየራል። ማርሚታዎቹና ፓራፋንጎው ቀላል ናቸው፣ ብዙ አላቆሙኝም።

ሰንሰለቱ ግን ትዕግስት ይፈልጋል። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ አንድ ጥፍር (የሰንሰለቱን አንድ ቁራጭ) ትሠራላችሁ፣ በአሬይ (ቅርጽ ደርድሮ በሚያበዛው መሣሪያ) ታበዙታላችሁ፣ በከርቭ (በጠማማ መስመር) ታዞሩታላችሁ። ቁም ነገሩ ያለው ከርቩ ላይ ነው። የከርቩ ርዝመት ለአንዱ ጥፍር ርዝመት ሲካፈል ያለ ቀሪ መውጣት አለበት፤ አለዚያ መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይታያል። ጥርሳሙ ጎማ ላይ ያሉት ጥርሶችም ከጥፍሮቹ ክፍተት ጋር መግጠም አለባቸው። እኔ ጎማውን ከሰንሰለቱ በኋላ ነው የሠራሁት፣ እንዲህ ማድረጉ ይሻላል ባይ ነኝ። ሌላው፣ የኤል 3 ሰንሰለት ከላይ በኩል የሚንሸራተተው በእንጨት ሀዲድ ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ትልልቆቹ ታንኮች በጣም አታርግቡት። ባሌስትራዎቹን በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ ፈልጋችሁ እያያችሁ ሥሩ፤ ከሩቅ በተነሳ ፎቶ ቅርጻቸው አይለይም።

አሁን ወደ መትረየሶቹ። ኤል 3 የሚዞር ቱሬት (መሣሪያው የሚገጠምበት ማማ) የለውም። ሁለቱ 8 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ከፊት በግራ በኩል ተጣምረው ተገጥመዋል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞሩት 12 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ሊሚት ሮቴሽን በሚባለው የመዞሪያ መገደቢያ ገደብኩት። ከዚያ ትዕይንቱን አጨልሜ በመትረየሶቹ አፍ ላይ ስፖት መብራት አሰርኩ፤ የብርሃኑን ስፋት ጥይቱ በሚደርስበት ማዕዘን ልክ አደረግሁት። ከፊት ጠባብ የብርሃን ቁራጭ ታየ። ጎኑና ጀርባው በሙሉ ጨለማ ነው። የሰውየውን ቅርጽ ወስጄ ከኋላ ሳቆመው መትረየሶቹን የትም ባዞር ብርሃኑ አይነካውም። ታንኩ ራሱን ካላዞረ በቀር ምንም ሊያደርገው አይችልም።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ተከዜን የተሻገረው የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ኃይል መተላለፊያው ላይ ያዘው። መሬቱ ድንጋያማና ጠባብ ነው፤ ታንክ እንደልቡ የሚዞርበት አይደለም። አርበኞቹ ከጎንና ከኋላ እየተጠጉ ወጡበት። ይህን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በጀግንነታቸው ላይ ብልሃታቸው ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ግን ያንን መብራት ካበራሁ በኋላ ነው። የታንኩን ደካማ ጎን እዚያው፣ ተኩስ መሀል ቆመው ነው ያወቁት። ሥዕላዊ መግለጫ አልነበራቸው፣ መመሪያ አልነበራቸው።

ቀለሙን ገና ጀምሬዋለሁ። አቧራውን በተለየ ሌየር እያስቀመጥኩ ነው፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይወፍራል፣ ሰዎቹ ሲገቡና ሲወጡ የሚረግጡት የፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ደግሞ ብረቱ ይገለጣል። ቀጥሎ የማስበው እሳት የሚተፋውን ዓይነት ነው። 500 ሊትር ነዳጅ የሚይዝ ተጎታች ከኋላው ስላለው አዲስ የሚሠራው ተጎታቹና ቱቦው ነው፤ ቀፎው ያው ይቆያል። ለቱቦው ከርቭ ይሻላል ወይስ ክሎዝ ሲሙሌሽን (የጨርቅን እንቅስቃሴ የሚያስመስለው)? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።