የልብስ ወጪዬን ለአንድ ዓመት መዘገብኩ፤ ስለ ተመላሽ ገንዘብ ግን ማንም አልነገረኝም

አንዲት ሴት በዓመት ለራሷ ልብስ ስንት ታወጣለች? መልሱን በቁጥር የሚያስቀምጡ ጽሑፎች ሞልተዋል። አንብቤ አንብቤ ሲሰለቸኝ የራሴን ቁጥር ራሴው ላውጣ ብዬ ተነሳሁ። ዓመቱ አልቋል፣ ቁጥሩም በእጄ ገብቷል። በሥራዬ ኮርቻለሁ። መሀል ላይ የገጠመኝን ጣጣ ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለነዚያ ቁጥሮች። አብዛኞቹ የሚመጡት ከቤተሰብ የወጪ ጥናት ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ወጪ የሚጠይቁት በየቤቱ እንጂ በየሰው አይደለም። "የሴቶች ልብስ" ተብሎ የተመዘገበው ገንዘብ ተደምሮ ለሁሉም ቤት ይካፈላል። አንድ ወንድ ብቻውን የሚኖርበትም ቤት፣ እናትና ሦስት ሴት ልጆች የሚኖሩበትም ቤት እኩል አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። በዚያ ላይ ብዙ የሚያወጡ ጥቂት ሰዎች አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል። እንዲህ ተሠርታ የወጣችው "አማካይ ሴት" የትም አትኖርም። ከእሷ ጋር ራስሽን እያስተያየሽ አትጨነቂ።

ሌላው ችግር መርሳት ነው። ካፖርት የገዛሽበትን ቀን አትረሺም። ካልሲ፣ ስቶኪንግና ጡት ማስያዣ ግን ከሦስት ወር በኋላ ማን ያስታውሳል? የአሜሪካ የሸማቾች ወጪ ጥናት ይህን ስለሚያውቅ በሁለት መንገድ ይሠራል። ለትላልቅ ወጪዎች በየሦስት ወሩ ቃለ መጠይቅ ያደርጋል። ለትናንሾቹ ደግሞ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የሚሞሉት ማስታወሻ ይሰጣል። እኔ የመረጥኩት የማስታወሻውን መንገድ ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ስልኬ ላይ ሰንጠረዥ ከፈትኩ፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ የገዛሁበት ምክንያት። ደረሰኙን እዚያው በቆምኩበት ፎቶ አነሳዋለሁ፤ የደረሰኝ ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል። ማታ እሞላለሁ። በቃ።

ትንሽ ያሳሰበኝ ምኑ ይቆጠር የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የፍጆታ ወጪን የሚመድብበት ሥርዓት አለው፤ ኮይኮፕ ይባላል። ክፍል 03 "ልብስና ጫማ" ነው። ጨርቅ፣ የተሰፋ ልብስና ጫማ ብቻ ሳይሆን ልብስ ማጽዳት፣ መጠገንና መከራየትም እዚያው ይገባሉ። የእጅ ቦርሳና ጌጣጌጥ ግን ሌላ ክፍል ነው ያሉት።

በጥገናው እስማማለሁ። ብዙዎቻችን ልብስ ሰፊ ጋ የምንከፍለውን ከልብስ ወጪ አንቆጥረውም። ሱሪ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር፣ የተተረተረ ገበር መስፋት። እያንዳንዱ ትንሽ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የእኔን ደምሬ አፌን ይዤ ቀረሁ። በቦርሳው ግን አልስማማም። ዘ ፑዲንግ የተባለ ድረ ገጽ በ2018 እ.ኤ.አ. ጂንስ ሱሪዎችን ለክቶ ነበር። የሴቶቹ የፊት ኪስ በአማካይ ከወንዶቹ 48 በመቶ ያጥራል። ኪሱ ስልክ የማይዝ ሱሪ ቦርሳ ያስገዛል። ስለዚህ ቦርሳውን ከልብስ ወጪዬ ጋር ደመርኩት፤ ዘንድሮም እደምረዋለሁ።

አሁን ያን ጣጣ ወዳመጣብኝ ካፖርት ልምጣ።

በኦንላይን ነው የገዛሁት። ሁልጊዜ የምለብሰውን ቁጥር መርጬ፣ ሙሉ ዋጋውን በካርድ ከፍዬ። ደርሶኝ ስለብሰው የትከሻው ስፌት ከትከሻዬ ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ክንዴ ላይ አረፈ። ደረቱ ሲቆለፍ ይወጠራል፣ ወገቡ ጋ ግን ሰፍቶ ይንጠለጠላል። ወገብ ቢሆን ልብስ ሰፊ ያጠበዋል። ትከሻ ግን ሌላ ነው፤ እጅጌውን ነቅሎ እንደገና መግጠም ይጠይቃል። ያን ያህል ለሚያስከፍል ሥራ አዲስ ካፖርት አይገዛም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሴቶች ልብስ እምቢ ሲላቸው ሰውነታቸውን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ የሰውነትሽ አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ1939 እና በ1940 እ.ኤ.አ. ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ነበር። በዚያ ልኬት ላይ ተመሥርቶ በ1958 እ.ኤ.አ. የሴቶች ልብስ ቁጥር ደረጃ ወጣ። አምራቾች በግዴታ የሚከተሉት አልነበረም፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጭራሽ ተሰረዘ። ዛሬ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ደንበኛ በዓይነ ኅሊናው ሥሎ ይሰፋል። የአንዱ 40 የሌላው 42 ነው። ስለዚህ በኦንላይን የሚገዛ ሰው መመለሱ አይቀርም። ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። መመለሻውን መንገድ እንዲህ የሚያከብዱት ለምን እንደሆነ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

ካፖርቱን ታጉ ሳይነሳ፣ በመጣበት ካርቶን፣ ቅጹን ሞልቼ መለስኩት። የማጓጓዣውንም እኔው ከፈልኩ። የመልእክት መከታተያው "ደርሷል" አለ። ከዚያ ዝም።

ደወልኩ። "እህቴ፣ በሂደት ላይ ነው፤ ትንሽ ይታገሱ" አለችኝ አንዲት ልጅ፣ በትሕትና። ታገስኩ። ደግሜ ስደውል ሌላ ሰው አነሳ፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድነግረው ጠየቀኝ። ስለ በፊቱ ስልክ የተጻፈ ነገር የለም። በሌላ ቀን ደግሞ መጋዘኑ ዕቃውን አላገኘውም ተባልኩ። "ደርሷል" የሚለውን የመከታተያ ገጽ ላክሁላቸው። ያኔ ዕቃው ተገኘ። ቀጥሎ የመጣው መልስ ግን የባሰ ነበር፦ "ልብሱ ሽቶ ስለሚሸት ሙሉ ተመላሽ አይሰጥም።"

እኔ ሽቶ አልጠቀምም። ራስ ምታት ያስነሳብኛል። የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ግን ልብሱ በእጄ በሌለበት ስለ ጠረን ምን ማስረጃ ይቀርባል? ፎቶ አይነሳ። እነሱም ማስረጃ አላቀረቡም፤ ቃላቸው ብቻ በቂ ሆነ።

ኃላፊ አቅርቡልኝ አልኩ። ኃላፊውም "የድርጅቱ ፖሊሲ ነው" አለኝ። የትኛው ፖሊሲ? በጽሑፍ ይላኩልኝ አልኩት። አልላከም። ይልቅ አንድ ቀን የደንበኛ መለያዬን ስከፍት ከእነሱ ሱቅ ብቻ የሚሠራ ኩፖን ገብቶ አገኘሁ። ሳልጠየቅ፣ ሳልስማማ። ዋጋው ከከፈልኩት ያነሰ፣ ማብቂያ ቀን የተቆረጠለት። ከትእዛዜ ጎን ደግሞ በአረንጓዴ ቀለም "ገንዘብ ተመልሷል" ተብሎ ተጽፏል።

ያ አረንጓዴ ጽሑፍ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ምንም አልተመለሰም እኮ! ገንዘቤ እነሱ ጋ ነው። ኩፖኑ የሚፈልገው ተመልሼ እንድገዛ ብቻ ነው። ካፖርቶቹን ባየሁ፣ ሁሉም ከኩፖኑ በላይ ናቸው፤ ኩፖኑን ለመጠቀም ሌላ ገንዘብ መጨመር አለብኝ። አንዲት ሴት የዓመት ወጪዋን ሳታውቅ ከፍ የምታደርገው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

ሰንጠረዤ ያዳነኝ እዚህ ላይ ነው። ኩፖኑን እንደ ተመላሽ ብመዘግበው የካፖርቱ መስመር ይዘጋል፣ እኔም እረሳዋለሁ። አልመዘገብኩትም። ገንዘቡ ባንክ ሒሳቤ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ካፖርቱ እንደ ወጪ ይቆያል አልኩ። በየማታው ስከፍት ያ ትልቅ ቁጥር ፊቴ ላይ ነው። እንድተወው አላደረገኝም።

ባንክ ሄድኩ። በካርድ የተከፈለን ክፍያ መቃወም ይቻላል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የባንኩ ሠራተኛ መጀመሪያ "ከሻጩ ጋር ተነጋግረው ይጨርሱ" አለኝ፤ ቅጹን ሊሰጠኝ አልፈለገም። ደብዳቤዎቹን በቀን ደርድሬ፣ አትሜ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ከላይ ያስቀመጥኩት የገዛሁ ዕለት ያነሳሁትን የሻጩን የመመለሻ ገጽ ስክሪንሹት ነበር። ተመላሽ "በከፈሉበት መንገድ" እንደሚሆን በራሳቸው ቃል ተጽፎበታል። ያን ካነበበ በኋላ ቅጹን አወጣ። ገንዘቡ በመጨረሻ ገባ። የማጓጓዣው ቀርቷል። እሱን "የጠፋ" ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ የልብስ ወጪ ነውና።

ከዚህ የተማርኩትን ልንገርሽ። የሸማች ምክር የሚሰጡ ጽሑፎች "መጀመሪያ የደንበኞች አገልግሎት ጋ ይደውሉ" ይላሉ። እኔ አትደውዪ እላለሁ። ስልክ ማስረጃ አይተውም። ከመጀመሪያው ቀን በኢሜይል ጻፊ። ከደወሉልሽም የተባባላችሁትን ጽፈሽ "እንዲህ ተነጋግረናል" ብለሽ ላኪላቸው። የመመለሻውን ገጽ ከመክፈልሽ በፊት ስክሪንሹት አንሺ፤ በኋላ ሊቀየር ይችላል። ስታሽጊም ቪዲዮ ቅረጪ፦ ታጉ፣ ብብቱ፣ አንገትጌው፣ የካርቶኑ መዘጋት። ኩፖን ሲሰጡሽ አትንኪው። አንዴ ከተጠቀምሽበት ተስማማሽ ነው የሚሉሽ። ቶሎ ወደ ባንክ ሂጂ። ለቅሬታው የጊዜ ገደብ አለው፤ ሻጩ "ይታገሱ" ባለሽ ቁጥር ያ ጊዜ ይሮጣል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትኖሪ ከሆነ የ2011 እ.ኤ.አ. የሸማቾች መብት መመሪያ ከጎንሽ ነው። በኦንላይን የገዛሽውን ዕቃ ከተረከብሽ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳትሰጪ መተው ትችያለሽ። ገንዘቡም አንቺ ሌላ ነገር ካልተስማማሽ በስተቀር በከፈልሽበት መንገድ መመለስ አለበት። ሱቅ ገብተሽ ለክተሽ የገዛሽውን ግን ይህ ሕግ አይሸፍነውም። ሌላ ቦታ ካለሽ ሕጉ ሊለያይ ይችላልና የአገርሽን ጠይቂ፤ የሻጩንም የራሱን ጽሑፍ አስቀምጪ።

ወደ ዓመቱ ቁጥር ልመለስ። ትልቁን ድርሻ የወሰደው የምኮራባቸው ልብሶች አልነበሩም። ጫማ፣ የውስጥ ልብስ፣ ጥገናና ላውንድሪ ናቸው። "ከገቢሽ ይህን ያህል በመቶ ለልብስ" የሚለው ምክር ለእኔ አልሠራም። የሥራ ጫማ ሲያልቅ ያልቃል፤ ደመወዝን አይጠይቅም።

"ዋጋውን ለምትለብሺበት ጊዜ አካፍዪ" የሚለውንም አልወደውም። ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ስታካፍዪ የምታካፍዪው ለምኞት ነው። መቶ ጊዜ እለብሰዋለሁ ትያለሽ፣ ውዱም ርካሽ ይሆንልሻል። እኔ የማካፍለው በኋላ ነው። በለበስኩ ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ አንድ ጭረት አደርጋለሁ። በቅናሽ የገዛኋቸው ጎን ያለው ጭረት እጅግ ትንሽ ነው። ብክነት እንዲቀንስ የሚሠራው ኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በ15 ዓመት ውስጥ በዓለም የሚመረተው ልብስ እጥፍ ያህል ሆኗል። አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስበት ጊዜ ግን በ36 በመቶ ቀንሷል። የእኔም ጭረቶች ይህንኑ ይመሰክራሉ። አሁን "50 በመቶ ቅናሽ" የሚል ሳይ ቀድሜ የምጠይቀው በሙሉ ዋጋው እፈልገው ነበር ወይ ብዬ ነው።

አንድ ምክር ደግሞ በጣም ወድጄዋለሁ። ቲሸርት፣ ካልሲና ቀላል ሹራብ ከወንዶች ክፍል ግዢ። የኒው ዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ዕቃዎችን አስተያይቶ የአዋቂ ሴቶች ልብስ ከወንዶች በአማካይ 8 በመቶ እንደሚወደድ አግኝቷል። እኔም አወዳድሬ ገዝቻለሁ። ጨርቁ ወፈር ይላል፣ ስፌቱም ጠንካራ ነው። "የወንድ ነው" የሚል አስተያየት እስካሁን ከማንም አልሰማሁም፤ ብሰማም አልመልሰውም።

የዘንድሮውን ሰንጠረዥ ጀምሬያለሁ። "በመመለስ ላይ" የሚል አዲስ ዓምድ ጨምሬበታለሁ። እስካሁን እዚያ የገባው አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ኢሜይሉ ተጽፏል፣ ቪዲዮው ተቀርጿል፣ የባንኩም የቅሬታ ቀን ተመዝግቧል።