ለዛሬ ብቻ

እሁድ ማታ ነው። ከጎረቤቴ ከእማማ ቤት ቡና ጠጥቼ ከተመለስኩ ሦስት ሰዓት አለፈ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል። ካልጻፍኩት የሚለቀኝ አይመስለኝም።

ሰሞኑን የጥንቱን ግሪክ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን «ፊሎክቴቴስ» ለሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት። ተውኔቱ አቴና ውስጥ ለመድረክ የበቃው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ409 ነው፤ በዚያ ዓመት ውድድርም አንደኛ ወጥቷል። ሶፎክልስ ያን ጊዜ ወደ ዘጠና የተጠጋ ሽማግሌ ነበር። ከተማው ከስፓርታ ጋር ስትዋጋ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ባለ ዘመን ሽማግሌው ቁጭ ብሎ የጻፈው፣ ለአገር ጥቅም ሲባል ዋሽ ስለተባለ አንድ ወጣት ነው። ይህ ብቻውን ያስደንቀኛል።

ፊሎክቴቴስ ከግሪኮች ጦር ጋር ወደ ትሮይ ከተማ ሲዘምት እግሩን እባብ ነደፈው። ቁስሉ ሸተተ፤ ጩኸቱ ደግሞ መሥዋዕት እንኳን በሰላም አላሳርግ አለ። ጓዶቹ ሰው በሌለበት በሌምኖስ ደሴት ዳርቻ ተኝቶ ሳለ ጥለውት ሄዱ። ከጀግናው ከሄራክልስ ባገኘው ቀስት ወፍ እየጣለ፣ እግሩን እየጎተተ ዋሻ ውስጥ ዐሥር ዓመት ያህል ኖረ። በኋላ ትሮይ ያለ እሱና ያለ ቀስቱ እንደማትያዝ ትንቢት ተነገረ። ያን ጊዜ የጣለው ከጦሩ አለቆች አንዱ ኦዲሲየስ ስለሆነ ፊት ለፊት ሊቀርበው አይችልም። ስለዚህ ፊሎክቴቴስ የማያውቀውን ወጣት፣ የጀግናውን የአኪሌስን ልጅ ኒዮፕቶሌሞስን፣ አታሎ ቀስቱን እንዲወስድለት ይዞ መጣ።

ልጁ መጀመሪያ አሻፈረኝ ይላል። አታልዬ ከማሸነፍ በቅን መንገድ ሄጄ ብሸነፍ ይሻለኛል ነው የሚለው። ኦዲሲየስ አይቆጣም፤ አያስፈራራም። ለአንዲት ቀን፣ ለዚያውም ለቁራጯ፣ ኀፍረትህን ትተህ ራስህን ለእኔ ስጠኝ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜህን ሙሉ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ደግ ተብለህ ኑር ይለዋል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፍኩት። ይህን ቃል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ክፉ ሰው በመድረክ ላይ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ባመጣልን «ኦቴሎ» ውስጥ ያለው ኢያጎ ነው። ኢያጎ ያስፈራል፤ ግን እስከ ዛሬ ኢያጎን የሚመስል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ኦዲሲየስን ግን አውቀዋለሁ። ምክንያት አለው፤ ጦሩ እያለቀ ነው፣ የሚጠይቀውም ለሁሉ የሚበጅ ነገር ነው። ክፉ ሁን አይልም። አንድ ቀን አበድረኝ ነው የሚለው።

ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤቴ እማማ ሆስፒታል ሲገቡ የቤታቸውን ካርታ በቡናማ ፖስታ አድርገው እጄ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ከአንቺ እጅ እንዳይወጣ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን የወንድማቸው ልጅ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያስታምማቸው ያደረው እሱ ነው። «ለዛሬ ብቻ ስጪኝ፣ ኮፒ አድርጌ ማታ እመልሳለሁ። እሳቸውን አሁን በዚህ ምን አስጨነቃቸው?» አለኝ። ሰጠሁት። እንዳለውም ማታ መለሰው። አንድ ወረቀት አልጎደለም፤ እስከ ዛሬም በቤቱ ላይ የደረሰ ነገር የለም። እማማ ድነው ሲወጡ «ፖስታዬ ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም» አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።

ምንም አልተጎዱም እያልኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ። እሳቸው አደራውን እዚያው እኔ ጋ ይቆይ ስላሉ ፖስታው ከቁም ሳጥኔ አልወጣም፤ ልብስ ላወጣ በከፈትኩት ቁጥር አየዋለሁ።

በተውኔቱ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ቀስቱ እጅ የሚለውጥበትን ቦታ ነው። ልጁ በኦዲሲየስ ቃል ተሸንፎ፣ በመርከቤ ወደ አገርህ እወስድሃለሁ ብሎ አታሎታል። ሕመሙ ሲነሳበት ፊሎክቴቴስ «ፓፓይ፣ ፓፓይ» እያለ ይጮኻል፤ በግሪክኛ የሕመም ጩኸት ነው፣ እንደኛ «ዋይ ዋይ»። ሕመሙ ሲያልፍ እንቅልፍ እንደሚጥለው ስለሚያውቅ ቀስቱን ለልጁ ይሰጠዋል። ትቶት እንዳይሄድም ይለምነዋል፤ ማል ግን አይለውም። አንተን በመሐላ ማሰር አይገባኝም፣ እጅህን ብቻ ስጠኝ ይለዋል። ልጁም እጁን ይሰጠዋል። ኋላ እንቅልፍ ይጥለዋል። የልጁ መርከበኞች በል እንሂድ ይሉታል። ልጁ ግን ቁሞ ይጠብቃል። በሽተኛው ነቅቶ ልጁን እዚያው ሲያየው ያመሰግነዋል። በዚህች ቅጽበት ኒዮፕቶሌሞስ «ፓፓይ!» ይላል፤ ከእንግዲህ ምን ላድርግ? ጩኸቱ ያው የበሽተኛው ጩኸት ነው። አሁን የሚያመው ጤነኛውን ነው።

ፊሎክቴቴስ አልገባውም። የቁስሌ ጠረን አስጠላህ እንዴ፣ መርከብህ ላይ አልጫንህም ልትለኝ ነው? ብሎ ይሳቀቃል። ልጁም ሰው የገዛ ተፈጥሮውን ትቶ የማይመስለውን ሲሠራ ሁሉም ነገር ያስጠላዋል ብሎ ይመልስለታል። እኔ ይህን አንብቤ ቁም ሳጥኔን አሰብኩ።

ቶሎ አይመልስለትም እኮ። ቀስቱን ይዞ ያመነታል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ኦዲሲየስ እጁን ወደ ሰይፉ ሲሰድ የልጁም እጅ ወደ ሰይፉ ይሄዳል። በመጨረሻ ቀኝ እጅህን ዘርጋ ብሎ ቀስቱን ለባለቤቱ ይሰጠዋል። መጨረሻው ላይ ሄራክልስ ከላይ ተገልጦ ሁሉንም ያስተካክላል፤ እኔን ግን ያ ብዙም አልያዘኝም። እኔን የያዘኝ እጁ ነው፤ መሐላ ሳይጠየቅበት የተሰጠው እጅ፣ ቆይቶ ባዶውን የተዘረጋው እጅ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ፖስታውን በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድኩ። እማማ አቦሉን ቀድተው እስኪጨርሱ ጠበቅሁና ነገርኳቸው። ለማን እንደሰጠሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እንደቆየ፣ ሲጠይቁኝም እንደዋሸሁ። የወንድማቸውን ልጅ አልወቀስኩም፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ብዙ ዝም አሉ። ከሰሉን በመቆስቆሻው አገላበጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፖስታውን ሰጠኋቸው። አልከፈቱትም፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር ያለውን ሳጥን ሳቡ፣ አንገታቸው ላይ ባለው ቁልፍ ከፈቱ፣ አስገቡትና መልሰው ቆለፉት።

ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጀበናውን ለቶና ጣዱት። «ስኳሩን አቀብዪኝ» አሉኝ። ልጄ አላሉኝም። እስከ በረካ ተቀመጥኩ።